ክፍተቱን የሚያውቅ ሰው

(በአባታችን ሙት ዓመት፣ ጥር 2017 ዓ.ም.፣ ድሬዳዋ በዕድራችን አዳራሽ የተናገርኩት። መምጣት ላልቻሉ ዘመዶች ስል ጻፍኩት።)

የዕድራችን አባቶችና እናቶች፣ የአባዬ የባቡር ጓደኞች፣ የሰፈራችን ሰዎች፣ ከአዲስ አበባም ከሐረርም ከጅቡቲም የመጣችሁ ዘመዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዓመቱን ሙሉ ከጎናችን አልጠፋችሁም። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ስለ አባታችን አንቺ ተናገሪ ብለው ወንድሞቼና እህቶቼ እኔን መረጡኝ። ከሰባታችን አራተኛዋ ነኝ። ከበላዬ ሦስት፣ ከበታቼ ሦስት አሉ። "መሃል ስለሆንሽ ሁሉንም አይተሻል" አሉኝ። እሺ አልኩ።

አስቀድሜ ይቅርታ ልጠይቅ። ትልልቅ ሰዎች ባሉበት አባቴን "እሱ" እያልኩ ልናገር ነው። አባዬ አንቱታ አይወድም ነበር። ታላቅ ወንድሜ አንደኛ ክፍል እያለ ከትምህርት ቤት ተምሮ መጣና "አባዬ፣ ይግቡ፣ ራት ቀርቧል" አለው። አባዬ ዞር ብሎ በሩን አየ። "እንግዳ መጣ እንዴ?" አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በቤታችን አንቱ ያለው ልጅ የለም።

ሌላው ሰው ግን የየራሱ መጠሪያ ነበረው። የሥራ ጓደኞቹ "ሼፍ" ይሉታል፤ በፈረንሳይኛ አለቃ ማለት ነው። የሶማሌ ጎረቤቶቻችን "አዴር"፣ አጎት፣ ይሉታል። የሰፈሩ ልጆች "ጋሼ ባቡር"። እማዬ ስትቆጣ "ሰውዬው"፣ ቁጣዋ ሲበርድ ደግሞ "የኔ ጌታ" ትለዋለች። የለቅሶው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ቁጭ ብዬ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪኛ እሰማ ነበር። ሁለት ጡረተኞች ጥግ ይዘው በፈረንሳይኛ ያወሩ ነበር። የባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለነበር የድሮ ሠራተኞች ሆድ ሲብሳቸው ወደሱ ይሄዳሉ። ያን ጊዜ አባዬ ስንት ቦታ እንደነበረ ገባኝ።

አባዬ የቡልጋ ልጅ ነው። በ1952 ዓ.ም.፣ በ17 ዓመቱ፣ ከአዲስ አበባ ለገሃር ተሳፍሮ መጣ። አጎቱ እዚህ ምድር ባቡር ይሠራ ነበር። አባዬ ከዚያ በፊት ባቡር በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም ይል ነበር። ከመቀመጫው ሥር የሚመጣውን ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ሲያዳምጥ ነጋ። ድሬ ሲወርድ ሙቀቱ ፊቱን እንደ ምድጃ መታው። አጎቱ "እንዴት ነበር መንገዱ?" ሲለው "ያ ድምፅ ምንድን ነው?" አለ። በማግስቱ ድምፁን ያሳዩት ሰዎች ዘንድ ተቀጠረ። የሐዲድ ጥገና ቡድን ውስጥ። 38 ዓመት ሠራ።

የከተማችንን ታሪክ እኔ መጽሐፍ ላይ ከማንበቤ በፊት ከሱ ነው የሰማሁት። ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ ወደ ሐረር ሊወጣ ታስቦ ነበር። ተራራው ከበደ፣ ገንዘቡም አነሰ። ስለዚህ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ሜዳው ላይ ደረሰ። ቦታውን መጀመሪያ አዲስ ሐረር አሉት። አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ደግሞ እስከ 1909 ዓ.ም. ቆየ። አባዬ ይህን ሲነግረን እጁን ዘርግቶ ከዚራን ያሳየን ነበር። "ይሄ ሁሉ ዛፍ፣ ይሄ ሁሉ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ባቡር ስለቆመ ነው" ይለናል። ባቡር መሄዱን ሳይሆን መቆሙን ነበር የሚያደንቀው።

እማዬን ያገኛት ኤረር ነው። ከድሬ በስተ ምዕራብ ያለችው ጣቢያ። ቡድኑ እዚያ አካባቢ ሲጠግን ሁለት ወር ቆየ። እማዬ ለተሳፋሪ ብርቱካን ትሸጥ ነበር። ባቡሩ የሚቆመው ለጥቂት ደቂቃ ስለሆነ ሻጮቹ እየሮጡ ነው የሚሸጡት። አባዬ ግን ተሳፋሪ አይደለም። የትም አይሄድም። ስለዚህ ባቡሩ ከሄደ በኋላ የተረፋትን ይገዛት ነበር። እማዬ፣ እዚህ ፊት ለፊቴ ሆነሽ እየሳቅሽ ነው። "ሁለት ወር ሙሉ ብርቱካን የበላ ሰው እሱ ብቻ ነው" ትይን ነበር። በ1960 ዓ.ም. ተጋቡ። አማርኛዋ ጥቂት፣ ኦሮምኛው ከዚያም ያነሰ ነበር። እንዴት እንደተግባቡ ስንጠይቃቸው ሁለቱም መልስ የላቸውም።

ስለ ሥራው ትንሽ ላስረዳ። ጓደኞቹ ታውቁታላችሁ። ልጆቹ ግን አላያችሁትም።

የድሮው መስመር ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ብቻ። ከባሕር ጠረፍ ተነስቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። እንደ አባዬ ያሉ ሰዎች በየክፍላቸው ይህን መስመር በእግራቸው ይሄዱበት ነበር። መዶሻ፣ የብሎን መፍቻ፣ ቀይ ባንዲራ፣ ውሃ የያዘ ኮዳ። የላላ ብሎን ያጠብቃሉ። ጎርፍ ያሸሸውን ጠጠር ይመልሳሉ። ከሐዲዱ ሥር የተጋደመው ብረት ከተሰነጠቀ ይቀይራሉ። ባቡሩ በሰላም ካለፈ ማንም አያያቸውም።

ስምንት ዓመት ሲሞላን አባዬ እያንዳንዳችንን በተራ ወደ መስመሩ ወስዶናል። የኔ ተራ በ1975 ዓ.ም. ደረሰ። ገና ሳይነጋ ቀስቅሶ ወሰደኝ። አየሩ ቀዝቀዝ ብሏል። ሁለት ሐዲዶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ አስቀመጠኝ።

"ምን ታያለሽ?"

"ሐዲድ።"

"መሃሉ ላይስ?"

ትንሽ ክፍተት ነበረች። "ጥፍርሽን አስገቢ" አለኝ። ገባ። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ከዚያ ወደ ቤት መለሰኝ። ቀን 8 ሰዓት ላይ፣ ድሬ ድሬን በምትሆንበት ሰዓት፣ እዚያው ቦታ መልሶ ወሰደኝ። "አሁን አስገቢ።" አልገባም። ክፍተቱ ተዘግቷል።

ሁሉንም በቀስታ ነገረኝ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 12 ሜትር የሆነ ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። ያን የሚያህል ቦታ ካልተውክለት የሚሄድበት ያጣል። ወደ ጎን ይጣመማል። ከዚያ ባቡር ይጥላል። "ሐዲድ ክፉ ሆኖ አይጣመምም" አለኝ። "ቦታ ነፍገነው ነው።" ያ በ17 ዓመቱ ሌሊቱን ሙሉ ያዳመጠው ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅም እሱው ነው። ጎማው ክፍተቷን ሲሻገር የሚያሰማት።

በዚያ ዕድሜዬ ስለ ብረት ብቻ የነገረኝ መስሎኝ ነበር።

አሁን ስለ እህቴ ልናገር። ፈቅዳልኛለች።

በ1969 ዓ.ም. ክረምት ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ድሬ ደጃፍ ደረሰ። ነሐሴ ላይ ከተማው ዙሪያ ውጊያ ነበር። ድልድዮች ፈረሱ፤ መስመሩ ለብዙ ወራት ተቆረጠ። ከመስመሩ ዳር ከሚኖሩ ሰዎች ብዙዎቹ ተፈናቀሉ። አንዲት የሶማሌ አሮጊት የሰባት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው እኛ ግቢ ደረሱ። አባዬ ያውቃቸዋል። ጥገና ሲወጣ ውሃ ያቀብሉት ነበር። ወጥ ቤቱን ለቀቅንላቸው። ሁለት ወር ሳይሞላ አሮጊቷ አረፉ። ከማረፋቸው በፊት የልጅቷን እጅ አባዬ እጅ ላይ አስቀመጡ። ያልተናገሩት ነገር የለም ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው "ክርስትና አስነሳትና እንደ ልጅህ አሳድጋት" አለው። አስቦለት ነው፣ ክፋት የለውም። አባዬ ግን "አያቷን ስትሰግድ ነው የማውቃት። የሰጠችኝን ቀይሬ ምን ብዬ ነው የማስረክባት?" አለ። እህቴ ቁርአን ቤት ሄደች። ረመዳን ሲሆን ሌሊት ተነስቶ ውሃ የሚያሞቅላት አባዬ ነው። ለሥራ ከሚነሳበት ሰዓት በፊት። "ለማንኛውም እነሳለሁ" ይል ነበር። ውሸቱን ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ይተኛል።

ሥጋውንስ? ታውቃላችሁ፣ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ነው። እማዬ ሁለት ድስት ገዛች። ሁለቱም አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠን። እንዳይቀላቀሉ አባዬ ያረጀች የቀይ ባንዲራ ጨርቅ ቀዶ የአንዱን ጆሮ አሰረበት። ባቡር የሚያቆምበት ባንዲራ ነው። "እዚህ ጋ ቁም ማለት ነው" አለን። ቀይ የታሰረበት የእህታችን ነው። ለእሷ ሥጋ የሚገዛው ከእስላም ሥጋ ቤት ነው። ለሌሎቻችን የሚገዛበት ገንዘብ ባልተገኘበት ሳምንትም የእሷ ድስት ጾም አላደረም። እኛም አላጉረመረምንም ብል ውሸት ይሆናል።

በዚያው ጦርነት ሰሞን ቡልጋ ያለችው አያታችን አረፈች። መስመሩ ተቆርጦ ስለነበር መርዶው በአራተኛው ወር ደረሰ። ሽማግሌዎቹ ማለዳ መጥተው ነገሩት። እናቱን ሳይቀብር ቀረ። ስለዚህ ጉዳይ አንድም ቀን ሲያወራ አልሰማሁትም። እማዬ ናት የነገረችኝ።

ጥር ለቤታችን ከባድ ወር ነው። አባዬ በጥር ነው የሄደው። በጥር 1977 ዓ.ም. ደግሞ ከዚሁ ከድሬ ወደ አዲስ አበባ የተነሳው ባቡር አዋሽ አካባቢ ኩርባ ድልድይ ላይ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። እዚህ አዳራሽ ውስጥ የዚያን ቀን ሰው ያላጣ ቤት ብዙ አይመስለኝም። እኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ከተማው በአንድ ቀን ድንኳን በድንኳን ሲሆን አስታውሳለሁ።

አባዬን ለሥራ ወሰዱት። ስንት ቀን እንደቆየ እርግጠኛ አይደለሁም። ሲመለስ ልብሱን ግቢ ውስጥ አውልቆ አቃጠለው። ከዚያ ገላውን ታጠበና ወጣ። ሲመለስ አንድ የአራት ዓመት ልጅ በትከሻው ተሸክሞ ነበር። የሥራ ጓደኛው ልጅ ነው። ጓደኛውና ሚስቱ ዘመድ ጥየቃ ሲሄዱ ልጁ ጉንፋን ይዞት ስለነበር ጎረቤት ትተውት ነበር። አባዬ ልጁን አጠበው፣ አበላው፣ የኔ አልጋ ላይ አስተኛው።

ያ ዘመን ዳቦና ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚወጣበት ነው። ድርቅ ነበር። ስድስት ልጅ ያለበት ቤት ሰባተኛ ልጅ ሲጨመር ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔ ደግሞ አልጋዬን አጣሁ። አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ስንጫወት ያንን ልጅ "ይሄ አባትህ አይደለም" አልኩት። አባዬ ከበስተኋላ ቆሞ ነበር።

አልመታኝም። አልተቆጣኝም። ያን ማታ ዝም አለ። ማለዳ ማለዳ ለሥራ ሲወጣ ሻይ እስከ በሩ የማደርስለት እኔ ነበርኩ። የኔ ሥራ ነው። የኔ ክብር ነው። በማግስቱ ብርጭቆውን ይዤ ስነሳ "ዛሬ እሱ ያምጣልኝ" አለ። ልጁ በሁለት እጁ ይዞ ወጣ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ግማሹን ደፋው። አባዬ የቀረችውን ግማሽ ጠጥቶ "ተባረክ" ብሎት ሄደ። በማግስቱም እንደዚያው። ሳምንቱን ሙሉ ግማሽ ሻይ ጠጥቶ ሥራ ገባ። በስምንተኛው ቀን እኔ ራሴ ተነስቼ የልጁን እጅ ከሥር ደገፍኩለት። አባዬ ሁለታችንንም አየን። ሙሉ ሻይ ጠጣ።

ወንድሜ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አይሃለሁ። አርባ ዓመት ሞላው። ያንን ቃል ሰው ፊት ነው የተናገርኩህ፤ ሰው ፊት ይቅርታ ጠይቄህ ግን አላውቅም። ዛሬ ይቅር በለኝ።

ትምህርት ቤት ሊያስመዘግበው ሲሄድ መዝጋቢው "የአባት ስም የአንተን ልጻፈው?" አለው። ለልጁም ይቀለዋል፣ ለራሽኑም ይጠቅማል። አባዬ እምቢ አለ። የጓደኛውን ስም አስጻፈ። እማዬ ለምን ስትለው የተናገረውን ሰምቻለሁ። "ስሙን ከወሰድኩበት ጓደኛዬ ሁለተኛ ይሞታል።" እህቴም የራሷን አባት ስም ይዛ ነው ያደገችው። ስለዚህ በአንድ ቤት፣ በአንድ ገበታ፣ የሦስት አባት ስም የሚጠራ ሰባት ልጅ ነበርን። መምህራን ግራ ይገባቸው ነበር። እኛ ግራ ገብቶን አያውቅም።

ግቢያችን በር ላይ አንዲት የሐዲድ ቁራጭ ተንጠልጥላለች። ጎረቤቶች ታውቋታላችሁ። ማታ 12 ሰዓት ሲሆን አባዬ በመዶሻ ሦስት ጊዜ ይመታታል። ለገሃሬም ብንሆን፣ ቀፊራም ብንሆን፣ ደቻቱ ወንዝ አሸዋው ላይ ኳስ ብንጫወትም ሰምተን እንመጣለን። ሰባታችን ሳንሟላ ማዕድ አይቆረስም ነበር። ዘግይቶ የመጣ ልጅ አይገረፍም። ግን ስድስት ሰው በረሃብ ዓይን ያየዋል። ከዱላ የከፋ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. አንድ ማታ ቁራጯ ተመታች፤ ታላቅ ወንድሜ አልመጣም። አፈሳ ነበር። የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና ይታፈስ ነበር። ወንድሜ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ማንንም ሳያማክር የዕቃ ባቡር ላይ ተንጠላጥሎ በሽንሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ሄደ። በዚያ በረሃ። በዚያ ሙቀት።

እማዬ ፀጉሯን ነጨች። ዘመዶች መጡ። "የምታውቃቸው ማሽኒስቶች አሉ፤ አስይዘህ አስመልሰው" አሉት። ሌላው "አባቱን ያላማከረ ልጅ ምን ይደረግለታል፣ እርግማን ነው እንጂ" አለ። አባዬ ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ቆየና "ሙቀቱ በዝቶበት ነው" አለ። "ቦታ እንስጠው።"

ያን ጊዜ ነው ጥፍሬን ያስገባሁባት ክፍተት ትዝ ያለችኝ።

ቦታ መስጠት ግን መርሳት አልነበረም። ለሰባት ወር ያህል ማታ ማታ ሰባት ሰሐን ይቀርባል። ቁራጯ ትመታለች። የወንድሜ ድርሻ ተቀምጦ ያድርና ጠዋት ለደጅ ለማኝ ይሰጣል። በሰባተኛው ወር አንድ ማሽኒስት ደብዳቤ ይዞ መጣ። ወንድሜ ደህና ነው። ወደብ ላይ ይሸከማል። አፍሮ ስለነበር ነው ያልጻፈው። አባዬ ቄስ ትምህርት ቤት በተማራት ጽሕፈት መልስ ጻፈ። ሦስት መስመር ነው። ወንድሜ ዛሬም ኪሱ ውስጥ አለች፤ ትናንት አሳይቶኛል።

"ደብዳቤህ ደርሶናል። እናትህ ደህና ናት። መስመሩ ክፍት ነው።"

በቃ። ለምን ሄድክ የለም። ና የለም። ከዚያ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቆሎና በርበሬ በባቡር ሠራተኞች እጅ ይላክለት ነበር። ወንድሜ ደርግ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። ማታ ነበር የደረሰው። ግቢው በር ላይ ቆሞ መግባት ከበደው። ስለዚህ መዶሻውን አነሳና ቁራጯን ሦስት ጊዜ መታት። አባዬ ከቤት ሳይወጣ "ሰባተኛው ሰሐን ይቅረብ" አለ።

ከዚያ በኋላ ወንድሜ ፈረንሳይ ሄደ፣ እህቴ ሐረር ተዳረች፣ እኔ አስተማሪ ሆንኩ፣ ሌሎቹም በየፊናቸው ተበተኑ። አባዬ ማንንም እዚህ ቅሩ ብሎ አልያዘም። እኔ ግን የሱን ልብ አውቅ ነበር። ስንሄድ ጣቢያ ድረስ ይሸኘናል። ባቡሩ ከዓይን ከጠፋም በኋላ ጎንበስ ብሎ ሐዲዱን በእጁ ነካ ያደርገዋል። ብረቱ ባቡሩ ከራቀም በኋላ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ያን ያዳምጥ ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ። ጡረታውን ለማስፈጸም አንድ መሥሪያ ቤት ፋይሉን ጥሎበት ወራት አመላልሰውታል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ ማለዳ ይሄዳል፤ ባዶ እጁን ይመለሳል። ያን ሰሞን አንድም ቀን ድምፁን ከፍ አድርጎ አልሰማሁትም። እኔ ግን ዛሬም ይቆጨኛል።

ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ደቻቱ ሌሊት መጣ። ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ። አባዬ 63 ዓመቱ ነበር። ድምፁን ቀድሞ የሰማው እሱ ነው። ከመኝታው ተነስቶ ያቺን ቁራጭ ሐዲድ መደብደብ ጀመረ። ሦስት ጊዜ አይደለም፤ ሳያቋርጥ። ወደ ወንዙ ካሉት ቤቶች በዚያ ድምፅ ነቅተው የወጡ ሰዎች እዚህ ተቀምጠዋል። ስም አልጠራም። እናንተም ልጆቻችሁም ለቅሶው ቀን ሬሳውን ለመሸከም ስትሻሙ አይቻለሁ።

ከ2000 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ የአዲስ አበባው መስመር ዝም አለ። ለኛ ባቡር መቅረቱ ነው። ለአባዬ ግን የሚያውቀው ሰው መታመሙ ነበር። ማለዳ ተነስቶ ይሄድና የቆመውን ሐዲድ እያየ ይመለሳል። የወደቀ ብሎን ካገኘ ያነሳል። አንድ ባልዲ ሞልቶ ነበር። "ምን ታደርግበታለህ?" ስንለው "ከተፈለገ እንዳይጠፋ" ይለናል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ፣ በ2009 ዓ.ም. መስከረም፣ ይከፋው ይሆናል ብለን ፈርተን ነበር። ጭራሽ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለውን ጣቢያ ካላየሁ ብሎ አስቸገረን። ሐዲዱን በጫማው ለካ። አዲሱ 1 ሜትር ከ43 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ነው። "ሰፋ ብሏል፣ ጥሩ ነው" አለ። ሰው ማሳፈር እንደጀመረ አብረነው አዲስ አበባ ሄድን። 75 ዓመቱ ነበር። ከመስኮቱ ዓይኑን አልነቀለም። ድሮ የጠገነውን መስመር በሩቁ ሲያይ እንደ ልጅ ይጠቁመናል። አዋሽ ስንደርስ ግን ባርኔጣውን አወለቀ። ያኔ በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው ወንድሜ አጠገቡ ነበር፤ እጁን ያዘው። ሁለቱም አልተናገሩም። ባርኔጣውን መልሶ ያደረገው መተሐራን ካለፍን በኋላ ነው።

ስለ መጨረሻው ብዙ አልናገርም። አልጋ ላይ የቆየው አጭር ጊዜ ነው። ሰባታችንም ደረስንለት። ታላቅ ወንድሜ ከማርሴይ የገባው አንድ ቀን ሲቀረው ነው። እህቴ በቀኙ በኩል ሆና በቋንቋዋ ጸለየችለት። ቄሱ በግራው ነበሩ። ያ ታናሽ ወንድሜ ሻይ በማንኪያ ያጠጣው ነበር። እጁ እየተንቀጠቀጠ ግማሹን ደፋው። አባዬ ዓይኑን ገልጦ አየውና "ተባረክ" አለው። እኔ ያን ስሰማ ወጣሁ። ግቢ ውስጥ ነው ያለቀስኩት።

በሉ፣ ሰዓቱ ሄደ። አባዬ ቢኖር ኖሮ ገና ድሮ "ሰው ርቦታል" ይለኝ ነበር። ምሳ ቀርቧል። ድስቶቹ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ ናቸው። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው፣ አትሳሳቱ። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት የእስላም ነው። እህቴ ዛሬ ማለዳ ራሷ አስራዋለች። ታናሽ ወንድሜ በሩ ላይ ቁራጯን ይዟል። ሦስት ጊዜ ሲመታ ግቡ።